‹‹እኔ እንደሚመስለኝ …››
በዋዛ የምንሰጠው አስተያየት ማን ደጅ ላይ ይወድቃል?

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስንት አስተያየት ሰጡ? ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ አለባበስ፣ ስለ አዲሱ ዘማሪ፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት፣ ስለ ስልክ፣ በሬዲዮ ስለ ሰሙት ጦርነት … አብዛኞቻችን ብንቆጥረው እንደነግጣለን። አስተያየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም። ለዚህም ይመስላል ከሁሉ አብልጠን በነጻ የምናድለው እርሱን የሆነው።

በላስታ ደጋ፣ በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የወሎ ምድር ሁሉ አስተያየት የሚደራው በቡና ዙሪያ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ስለ ሀገር ጉዳይ ይነሣል፤ ቶናው ላይ ስለ ጤና፤ በረካው ላይ ደግሞ ስለ ስልኩ፣ ስለ ዘፈኑና ስለ መዝሙሩ። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ከእህሉና ከጨው ጋር የሳምንቱን ወሬ ይዞ ይመለሳል። ይህ በራሱ መልካም ነው። ሰው ተሰብስቦ የማይጫወትበት ሰፈር ጤነኛ ሰፈር አይደለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ‹‹ዝም በሉ›› ለማለት አልተነሣም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ በዋዛ የተናገርነው ነገር ከእኛ ቤት ወጥቶ ሲሄድ ማን ደጅ ላይ ይወድቃል?

ላሊበላን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረርሽኝ፣ የፀሐይ ግርዶሽ፣ ጦርነትና የስልክ መቋረጥ የተፈራረቁባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ጊዜ እውነተኛው መረጃ ያንሳል፤ አስተያየት ግን ይበዛል። በዚያ የሆነውን ስናይ የራሳችንን ሳሎንም እናያለን።

ፀሐይ ቀለበት የሠራችበት ጠዋት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በዚያ ጠዋት የቀለበት ግርዶሽ የሚታይበት መስመር በላሊበላ በኩል አለፈ። ጨረቃ ከምድር ራቅ ባለችበት ወቅት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አትችልም፤ ስለዚህ ዳር ዳሩ የእሳት ቀለበት መስሎ ይቀራል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚያልፍበትን ስፍራ ከብዙ ዓመታት በፊት አስልተው ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ ወቅቱ ሕዝቡ በኮሮና የተጨነቀበት ነበርና አስተያየቱ በዛ። ‹‹ይህ የፍጻሜው ምልክት ነው›› ያለ አልጠፋም፤ ‹‹በሽታውን ጠርጎ ይዞት ይሄዳል›› ያለም አልጠፋም። ጌታችን ስለዚያች ቀንና ሰዓት ማንም እንደማያውቅ አስተምሮናል (ማቴ. 24፥36)። ታዲያ የሒሳብ ሊቅ ከዓመታት በፊት ደቂቃውን የሚነግረንን ነገር ተነሥተን የምጽአት ደወል ስናደርገው ቃሉንም ሳይንሱንም አልሰማንም ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ‹‹ትንሽ ብታይ ምንም አይልህም›› የሚለው ቀላል ምክር ነው። ያለ ልዩ መነጽር ግርዶሽ መመልከት በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ክፍል ያቃጥላል። ይህ ክፍል ሕመም የሚሰማው አይደለም። ስለዚህ ልጁ ‹‹አላመመኝም›› እያለ ሊጎዳ ይችላል። በሳፋ ውኃ ላይ የሚታየው ነጸብራቅም አያድንም። ይህን ምክር የሰጠው አጎት ልጁን ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን እውቀት አልሆነለትም።

‹‹አንዲት እህት እንደነገረችኝ …››

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሰውየው የጃፓን ዜጋ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ ከተሞች የውጭ ሀገር ሰው ሲታይ ‹‹ኮሮና!›› ብሎ መጮህ፣ ከዚያም አልፎ መተናኮል ተጀመረ። የጮኸው ሰው እንደ ቀልድ ያየው ይሆናል። ላሊበላ ግን የምትኖረው በእንግዳ ነው። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠው ወጣት ሁሉ እንጀራቸው ከእንግዳው ጋር የተሳሰረ ነው። በርግጥ እንግዳውን ያስቀረው በዋናው ወረርሽኙ ነው፤ የበረራዎች መቋረጥ ነው። ነገር ግን ‹‹በሽታውን እነርሱ ናቸው ያመጡት›› የሚል ወሬ በችግር ላይ ጥላቻ ከመጨመር በቀር ለማን ጠቀመ?

ከዚያ ደግሞ መድኃኒቱ መጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ሎሚ … እነዚህ መልካም ምግቦች ናቸው፤ ጉሮሮም ያለሰልሱ ይሆናል። ‹‹ይህን ከጠጣሁ አይዘኝም›› ብሎ አፍንጫውን ሳይሸፍን ወደ ታመመ ሽማግሌ የገባ ሰው ግን በአስተያየት ላይ የሽማግሌውን ሕይወት አስይዟል። ክትባቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በሀገራችን መሰጠት ሲጀምር ደግሞ በእኛው በወንጌላውያን መካከል ‹‹የአውሬው ምልክት ነው›› የሚል ወሬ ተሰማ። ስንቶቻችን ነን የራእይ መጽሐፍ ምዕራፍ 13ን ከፍተን፣ ምልክቱ ከአምልኮ ጋር የተያያዘ መሆኑን አይተን የተናገርነው?

ሴት ልጆች ላሏችሁ ወላጆች አንድ ሌላ ጉዳይ እናንሣ። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማሕፀን በር ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ስለሆነ በክትባት መከላከል ይቻላል። ክትባቱ በሀገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ወዲያው ‹‹ያመክናል›› የሚል አስተያየት ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ክትባቱ መካንነት እንደማያስከትል በብዙ ሀገሮች በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ‹‹እኔ አልሰማሁም፤ ግን አንዲት እህት ነግራኛለች›› በሚል ንግግር ምክንያት ልጅዋን ያስቀረች እናት ዋጋውን ምናልባት ከ20 ዓመት በኋላ ታየዋለች። ያን ጊዜ ያችን እህት ማን ይጠይቃታል?

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የኤች አይ ቪ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በሀገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ቤተሰብ እንባ ታብሷል። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ሰው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ ለትዳር ጓደኛውም በግንኙነት አያስተላልፍም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ‹‹አልታየም›› የሚለውን የሐኪም ቃል አንዱ ወገን ‹‹የለም›› ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላው ‹‹ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን መቀጠል እምነት ማጣት ነው›› ይላል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ይበዛል። ሐኪሙ ሉቃስ ከሐዋርያው ጋር ይጓዝ ነበር (ቆላ. 4፥14)። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም የሚሆን ተግባራዊ ምክር ሰጥቷል (1ጢሞ. 5፥23)። እንጸልይ፤ መጸለይም አለብን። መድኃኒት አቁም ብሎ ማዘዝ ግን የጸሎት ሥልጣን አይደለም።

ስልክ ሲዘጋ ወሬ ይከፈታል

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. የመንግሥት ወገን መልሶ ያዛት። በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና እጅ ለወጠች፤ በዚያው ወር ደግሞ ዳግመኛ ወደ መንግሥት ተመለሰች። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ግን በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልሉም ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ።

አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የምትኖር የላስታ ልጅ በነዚያ ወራት እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አታውቅም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ‹‹እንትን ሰፈር አልቋል አሉ›› የሚል አንድ መልእክት እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ጤናም ይነሣል። የላከው ሰው ምን ነበረው? ማስረጃ ሳይሆን ‹‹አሉ›› ነበረው። የሀገራችን ሰው ‹‹ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር›› ይላል። መላ ማለት ማጣፈጫ አይደለም፤ ማስተዋል ነው።

ጦርነት ሌላም አስተያየት ይወልዳል፤ ‹‹እነርሱ ሲፈጥራቸው እንዲህ ናቸው›› የሚል። በዚህ ንግግር ውስጥ ‹‹እነርሱ›› የሚለው ቃል ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ አጠገባችን ተቀምጦ ቅዱስ ቁርባን የሚወስደውን ወንድምም ያጠቃልላል። ይህ የት እንደሚያደርስ ለማየት ከክልላችን መውጣት አያስፈልግም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከክስ ጋር በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። በዚያ ገጽ ሥር ‹‹እኔም ሰምቻለሁ›› ብለው የጻፉ ሰዎች ራሳቸውን ገዳይ አድርገው አያስቡም። ቃላቸው ግን ከገዳዩ ቀድሞ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ስልኩ፣ ቁጥሩና የአውሬው ምልክት

በአንዳንድ አጥቢያዎች ቴሌቪዥን ‹‹የሰይጣን ሳጥን›› ይባል እንደነበር የሚያስታውሱ ምእመናን ዛሬም አሉ። የዚያው አጥቢያ አምልኮ ዛሬ በቀጥታ በምስል ሲተላለፍ እናያለን። ከሳጥኑ በኋላ ደግሞ የሸቀጥ ላይ መስመሮች ተጠረጠሩ፤ ከዚያ ክትባቱ፤ አሁን ደግሞ ተራው የፋይዳ መታወቂያ ሆኗል።

የፋይዳ ጉዳይ ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስቀምጥ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገ ብሔራዊ የዲጂታል መታወቂያ ነው። ሲመዘገቡ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ ከዚያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። በሰውነት ላይ ወይም ውስጥ የሚደረግ ነገር የለውም፤ ማንንም እንዲያመልኩ አይጠይቅም። ‹‹መረጃዬ በማን እጅ ይቀመጣል? ቢሰረቅስ?›› ብሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው፤ ዜጋም ሊጠይቅ ይገባዋል። ‹‹666 ነው›› ብሎ ማስፈራራት ግን ጥያቄውንም ያጠፋዋል። ፈርተው ያልተመዘገቡ አሮጊት የባንክ አገልግሎት ሲቸግራቸው የሚረዳቸው ያ አስፈራሪ ሰው አይደለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ‹‹ቴክኖሎጂ ምንም ጉዳት የለውም›› የሚል አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የገጠሩ ሰው ገንዘብ ለመላክ አውቶቡስ ከመሳፈር ዳነ። አብሮ ግን ‹‹ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ›› የሚል አጭበርባሪ መጣ። እናትና አባትዎን ‹‹ምንም አይደለም፣ ዝም ብላችሁ ተጠቀሙ›› ከማለት ይልቅ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ‹‹የሚስጥር ቁጥር ለልጅም አይነገርም›› ብሎ ማስረዳት ከሺህ አስተያየት ይበልጣል።

ዘማሪው፣ ቅኝቱና እኛ

በረካው ላይ የሚነሣው የመዝሙር ጉዳይ ነው ብለናል። ‹‹የዘንድሮ መዝሙር ዘፈን ሆነ›› የሚል አስተያየት ያልሰማ ማን አለ? ነገር ግን የሀገራችን አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ ስፍራዎች ስም ነው። በእነዚሁ ድምፆች ወሎዬው ሰርጉን ይድራል፤ ሐዘኑን ያለቅሳል፤ ወንጌላዊውም አምላኩን ያመልካል። ስለዚህ ‹‹ቅኝቱ ዓለማዊ ነው›› ከማለት በፊት ‹‹ግጥሙ ምን ይላል? ማንን ያከብራል?›› ብሎ መጠየቅ ፍሬ አለው።

ከዜማው ይልቅ የዘማሪው ትዳር፣ ፀጉርና መኪና ነው የሚያወያየን ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለሰባት ዓመታት መታሰሩን ስንቱ ወጣት ያውቃል? መዝሙሩን እናውቃለን፤ የተከፈለውን ዋጋ ግን አናውቅም። ዛሬም አንድ ዘማሪ ላይ በስልክ የምንቀባበለው ነገር እውነት ይሁን ውሸት ሳናውቅ የአንድን ቤት ሰላም እያወክን ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ተፈርጆ መኖር ምን እንደሚመስል ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? በዚያው ዘመን ወንጌላውያን ‹‹የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኞች››፣ ‹‹መጤ›› ይባሉ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። አብዛኛው ሕዝብ ክፉ አልነበረም፤ የሰማውን ይደግም ነበር እንጂ።

መልካም አስተያየትስ የለም?

አለ። ምሳሌውም ከዚያችው ከላሊበላ ነው። አሥራ አንዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ዝናብ አለቱን እየሰረሰረው ስላስቸገረ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ እንዲሆኑ ነበር የታሰቡት። ዓመታት ሲያልፉ የደብሩ አገልጋዮችና ነዋሪዎች ‹‹ክብደቱ አለቱን ይጎዳዋል፤ ቢወድቅስ?›› ማለት ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰላማዊ ሰልፍ ድምፃቸውን አሰሙ። መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር መጥተው ጎበኙ፤ ሀገራቸውም ለጥበቃው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

ይህን አስተያየት ከቡና ወሬው ምን ለየው? ተናጋሪዎቹ በየቀኑ በዓይናቸው ያዩትን ተናገሩ። የተናገሩት ለሚመለከተው አካል ነው። ‹‹ባለሙያ ይይልን›› አሉ እንጂ ባለሙያ ነን አላሉም። ቢሳሳቱ እንኳ የሚጎዳ ሰው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ግን ጉዳት ሊመጣ ይችል ነበር። በሃይማኖት ሥርዓት ከእነርሱ የምንለይ ብንሆንም ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው።

መሠዊያው ምን ነበር?

በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 22 የሚገኘውን ታሪክ ያስታውሱ። ከዮርዳኖስ ማዶ የሰፈሩት ነገዶች አንድ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ለቀሩት ደረሰ። ‹‹ከእግዚአብሔር ዘወር አሉ!›› ተባለ፤ ሕዝቡም ለጦርነት ተሰበሰበ። ሆኖም ከመዝመታቸው በፊት ካህኑን ፊንሐስንና አሥር አለቆችን ልከው ጠየቁ። ለካ መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለልጆቻቸው ምስክር እንዲሆን የቆመ ኖሯል! አንድ ጥያቄ አንድ ሕዝብን ከእርስ በርስ እልቂት አዳነ።

ከኦርቶዶክስ ጎረቤትዎ ጋር ቡና ሲጠጡ ‹‹እናንተኮ እንዲህ ታመልካላችሁ›› ከማለትዎ በፊት ፊንሐስን ያስቡ። እርሳቸውም ስለ እርስዎ የሰሙት ብዙ ነገር አለ። ‹‹እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው?›› የሚል ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል።

ለባለትዳሮች

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። እርሱ ሁሉን ያውቃል፤ ስለ ፖለቲካውም ስለ ሕክምናውም ይፈርዳል። እርስዋ ‹‹ይህን ማን ነገረህ?›› ባለች ቁጥር ‹‹አንቺ ደግሞ!›› ይላታል። ልጆቻቸው ይሰማሉ። ከዓመታት በኋላ ልጁ እንደ አባቱ ይፈርዳል፤ ልጅቱም እንደ እናትዋ ዝም ትላለች። በሌላው ቤት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። የአንዳችን ጥያቄ ለሌላችን አጥር ነው፤ አጥሩን የምናፈርስ ከሆነ የሚገባው ሌባ ወደ ሁለታችንም ቤት ነው የሚገባው።

ስለዚህ ከመናገራችንና መልእክት ከማስተላለፋችን በፊት እርስ በርስ እነዚህን እንጠያየቅ፦

1. አይቼው ነው ወይስ ሰምቼው? የሰማሁትስ ካየ ሰው ነው?
2. የሌላውን ወገን ቃል ሰምቻለሁ? ቀድሞ የተናገረ ሁሉ ትክክለኛ እንደሚመስል ጠቢቡ አስጠንቅቋል (ምሳ. 18፥17)።
3. የምናገርለት ሰው እዚህ ቢቀመጥ እንዲሁ እናገራለሁ?
4. ብሳሳት ማን ይጎዳል? እኔ ወይስ ሌላ ሰው?
5. ጉዳዩ የጤና ከሆነ የጤና ባለሙያ ጠይቄአለሁ?

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ‹‹አላውቅም›› የሚለውን ቃል በቤታችን እናስለምድ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በመቀመጣቸው ያጽናኑት ነበር (ኢዮ. 2፥13)፤ አስተያየት መስጠት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጦርነትና በሽታ ባለፈባት ሀገር የሐዘን ቤት አይጠፋም። እዚያ ቤት ስንገባ ‹‹ለምን እንዲህ ሆነ›› ለሚለው መልስ ከመስጠት ይልቅ ውኃ ቀድተን፣ እንጀራ ይዘን፣ አጠገባቸው እንቀመጥ።

ለውይይት

ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ሆነው፣ ወይም በቤት ውስጥ ኅብረታችሁ ተነጋገሩበት፦ በዚህ ወር ሰምተን ያስተላለፍነው አንድ ወሬ ምን ነበር? እውነት መሆኑን እንዴት እናረጋግጣለን? ውሸት ሆኖ ካገኘነውስ፣ በላክንላቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ላይ ለማረም ፈቃደኞች ነን?